አሎሎና አንቱታ

መራጊውን የሻውን የሰደቡት አቶ ገብረ መድኅን ናቸው፣ የስማዳ ወረዳዋ የወገዳ ከተማ እህል ነጋዴ። ቀኑም አይጠፋውም። በሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ማክሰኞ፣ ከቅዳሴ መልስ። ቦታውም ሌላ የትም አይደለም፤ የሻው ራሱ ጭቃ አቡክቶ፣ ጭድ ረግጦ፣ ግድግዳውን መርጎ ባቆመው በነጋዴው አዲስ ቤት ውስጥ ነበር።

ለቤቱ ምርቃት ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ተጠርቷል። የሻው የሚቀመጥበት አላገኘምና ሳህኑን ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል። ማንአለሽ፣ የአቶ ገብረ መድኅን ልጅ፣ የእጅ ውኃ ይዛ መጣች። ሠራተኛ ነው ብላ አልዘለለችውም። እንደ እንግዳ ጎንበስ ብላ አስታጠበችው፤ ውኃውም እጁን ለማለቅለቅ ከሚበቃው በላይ ረዘም ብሎ ፈሰሰ። እሱ ቀና አለ፣ እሷም ቀና አለች። ሁለቱም ዓይናቸውን መመለስ ረሱ።

አባትየው አዩ። ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «አንተ ልጅ» አሉት፣ «የምትወረውረው ጭቃ ግድግዳዬ ላይ ተጣብቆልሃል፤ እጅህ ይባረክ። ልጄ ላይ ግን እንዳትሞክረው። እሷ ላይ ጭቃ አይዝም።»

ሰው ሳቀ። ማን ማን እንደሳቀ፣ ማንስ ጠላውን እስኪያፈስ እንደሳቀ፣ የሻው ዛሬም በስም ይቆጥራቸዋል። ያልቀመሰውን ሳህን መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ለዚያውም የወጋው ሰው በዚያው ቀን ከእራት በፊት ረስቶታል።

በማግስቱ ማንአለሽ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ እሱ ሌላ ሰው ቤት ጭቃ ሲያቦካ አገኘችው። ደብረ ታቦር ተምራ የተመለሰች ነርስ ናት። ጫማዋን ጭቃው ዳር አድርሳ ቆመች።

«አባዬ የተናገሩት የራሳቸው ነው» አለችው። «እኔ አፌን አላዋስኳቸውም።»

«ሂጂ፣ ነጭ ልብስሽ ይቆሽሻል።»

«ይታጠባላ» አለች። አልሄደችም። የሻው እግሩ ጭቃው ውስጥ እንደተነከረ፣ በዚያች አጭር ቃል ምክንያት ቀኑን ሙሉ ሥራው ላይ ልቡ አልነበረም።

እንዲህ ነው የተጀመረው። ዓመት ከርሞ እስኪዞር ድረስ ሰው በማያይበት እየተገናኙ፣ በስልክ እየተጻጻፉ ቆዩ። እሱ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ መልእክቱ ፊደሉ የተጣመመ ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን አርማው አታውቅም። «አንተ የጻፍከውን ሳነብ ድምፅህ ይሰማኛል» ትለው ነበር። አንተ ነበር የምትለው። ይህን ልብ በሉልኝ።

በዚሁ ዓመት መምህር ይታየው የሚባል የወገዳ የስፖርት አስተማሪ በአንድ የጭቃ ፎቅ ሥር ሲያልፍ፣ የሻው ድፍን የጭቃ ድብልብል ከመሬት አንሥቶ ላይ መሰላሉ ጫፍ ላለው መራጊ ሲልክ አየ። አንዱም መሬት አልወደቀ።

«ያን ክንድ ለጭቃ ብቻ ነው የፈጠረልህ?» አለው።

«ለጥፊም ይሆናል» አለ የሻው።

ይታየው ሳቀና በማግስቱ የትምህርት ቤቱን አሎሎ ይዞለት መጣ። ሰባት ኪሎ ከሩብ የሚሆን ብረት ነው። የሻው እንደ ጭቃው ከታች አወዛውዞ ወረወረው። ሩቅ ሄደ። ይታየው ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ይህ አይቆጠርም። አሎሎ ከአንገት ሥር ተነሥቶ ይገፋል እንጂ አይወረወርም።»

«ታዲያ ለምን አሎሎ ውርወራ አላችሁት?»

«ስም ያወጣው እኔ አይደለሁም» አለ ይታየው። «እኔም ስማር በዚሁ ስም ተሳስቼ ተስቆብኛል።»

የሻው መግፋቱን ተማረ። የተናቀ ሰው መግፋት አይከብደውም።

የጥር ሥላሴ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከመንገዱ ገለል ባለች ዋርካ ሥር ማንአለሽን አስቁሞ፣ ሲያመነዥከው የከረመውን ቃል ተናገረ። ላግባሽ አላት። ሌላ ማስዋቢያ አልጨመረበትም፤ አያውቅበትምም።

ማንአለሽ ነጠላዋን ከትከሻዋ ወደ ግንባሯ ሳበችው። እሱ መልሷን እንደ ፍርድ ቆሞ ጠበቀ።

«መልሴን ነገ ጠዋት ትሰማለህ» አለችው በመጨረሻ። «ጤና ጣቢያ ና።»

«በስልክ ጻፊልኛ።»

«በስልክ የሚባል አይደለም። ደግሞ ሰው ሁሉ ቢሰማው ደስ ይለኛል» አለችና ፊቷ ቀልቶ ሄደች። የዚያን ሌሊት የሻው እንቅልፉን ለደስታው ለቀቀለት።

ጠዋት ጤና ጣቢያው በር ላይ ወረፋው ሞልቷል። እናቶች ሕፃን ታቅፈው፣ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከየሻው ኋላ ቆመዋል። ማንአለሽ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ወደ በሩ ብቅ አለች። ዓይኗን ቀጥ አድርጋ ወደ እሱ አየች።

«እንደምን አደሩ? ይግቡ፣ ቁጭ ይበሉ።»

የሻው ለሽማግሌው መስሎት ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው። ሽማግሌውም አመስግነው መራመድ ጀመሩ።

«አንቱን እኮ ነው የምል» አለች ማንአለሽ፣ እሱን እያየች።

ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሱሪው ላይ ደረቅ ጭቃ አለ። አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። የሻው ጆሮው ጋለ።

እሱ ባደገበት በአርብ ገበያ ገጠር አንቱ የሚባል ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው ቄስና ሽማግሌ ነው፤ ሁለተኛው የማታውቀው ሰው ነው። የሻው ቄስ አይደለም፣ አላረጀም። ትናንት አንተ ያለችው ሴት ዛሬ ሕዝብ ፊት አንቱ ካለችው፣ አላውቅህም አለችው ማለት ነው። እሱ እንዲህ ነው የገባው። ለካ «ሰው ሁሉ ቢሰማው ደስ ይለኛል» ያለችው ለዚህ ነው። አባቷ በቤት ውስጥ አዋርደውታል፤ ልጅቱ ደግሞ በወረፋ ፊት፣ ያውም በጨዋ ቃል።

ከወረፋው ወጥቶ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። «ምነው ጠፉ? መልሴ አልተስማማዎትም?» ይላል መልእክቱ።

የሻው ጻፈ፤ «ተሳስተሻል። ይህ የሽማግሌ ስልክ አይደለም።»

መልሷ አንድ ቃል ብቻ ነበር። «አልተሳሳትኩም።»

ይህ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ሆነበት። ሰው ቢሰድብ ኋላ ተሳሳትኩ ይላል፤ እሷ ግን አስባበት ያደረገችው መሆኑን አስረግጣ ነገረችው። ከዚያ ወዲያ ስትደውል አላነሣም። በአንድ መንገድ ስትመጣ በሌላው ዞረ። እሷ ለምን እንደሸሻት ጠፍቷት ዓይኗ ስር እየጠቆረ፣ እሱ ለምን እንደናቀችው እያሰላሰለ ከንፈሩ እየደረቀ፣ በአንዲት ጠባብ ከተማ ውስጥ ወሩን ገፉት።

በዚህ መሐል ወሬ ደረሰው። ዳግም የሚባል፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ ባንክ የሚሠራ ልጅ፣ ለማንአለሽ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ሽማግሌዎቹ የዐቢይ ጾም ሳይገባ በቅበላው እሑድ አቶ ገብረ መድኅን ቤት ይገባሉ። አባትየው እሺ ለማለት ጥርሳቸውን ፍቀው ጨርሰዋል ይባላል። ዳግም ደግሞ ያለፈው ዓመት የወረዳዎች ውድድር የአሎሎ አሸናፊ ነው። የዘንድሮውም ውድድር በዚያው በመካነ ኢየሱስ፣ ከሽማግሌዎቹ በፊት ባለው ቅዳሜ ሆነ።

«እሷን አጥቻታለሁ» አለ የሻው ለይታየው። «አሎሎውን ግን አልተውለትም። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስሜ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ እነዚያ የሳቁብኝ ሰዎች ቁጭ ብለው ይስሙ። ከዚያ በኋላ አገር ለቅቄ እሄዳለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት የስማዳ ቡድን በአይሱዙ ተጭኖ፣ ያን ጎርባጣ መንገድ እየዘለለ መካነ ኢየሱስ ገባ። ለቡድኑ ማሊያ የገዙት አቶ ገብረ መድኅን ናቸው፤ በጀርባው ላይ የመጋዘናቸው ስም ተጽፏል። የሻው ገልብጦ ለበሰው።

«ስፌቱ ወደ ውጭ ሆኗል» አለው ይታየው።

«ሆዴ ወደ ውጭ ከሚሆን ይሻላል።»

ሜዳው የትምህርት ቤት ሜዳ ነው። ክቡ በኖራ ተሠርቷል፤ ዳኞቹ ሜትርና ባንዲራ ይዘዋል። ከክቡ ጎን፣ ሰው ሲነጋገር በሚሰማበት ቅርበት፣ የክብር እንግዶች ወንበር ተደርድሯል። አቶ ገብረ መድኅን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ማሚቴ ጋር ከፊት ተቀምጠዋል፤ አሸናፊውን የሚሸልሙት እሳቸው ናቸው። ቀጥሎ ባለው የመጀመሪያ ርዳታ ጠረጴዛ ላይ ለስማዳ ቡድን የተላከችው ነርስ ተቀምጣለች። ማንአለሽ። የሻው ዓይኑ ወደ እሷ ሲሄድ አገኘውና እንደ ሌባ ውሻ መለሰው።

እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ይሞክራል፤ የበለጠችው ትያዝለታለች። ዳግም መጀመሪያ ገባ። ቁመናው ያማረ፣ ጫማው አዲስ ነው። አሎሎውን አንገቱ ሥር አስደግፎ፣ ተሽከርክሮ ለቀቀው። አሥራ አንድ ሜትር ከሃያ ተባለ። አቶ ገብረ መድኅን አጨበጨቡ።

የሻው ክቡ ውስጥ ገባ። አሎሎውን አንገቱ ሥር ሊያስቀምጥ ሲል አቶ ገብረ መድኅን ጎናቸው ላለው ሰው፣ «ይሄ መራጊው አይደለም እንዴ? ማን አመጣው?» ሲሉ ሰማ። ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ልማዳቸው አልነበረም። የሻው ዓይኑ ጨለመ። የተማረው ሁሉ ከራሱ ወጥቶ እጁ የለመደው ብቻ ቀረ። አሎሎውን ወደ ጉልበቱ አውርዶ፣ ከታች አወዛውዞ፣ ልክ እንደ ጭቃ ወረወረው።

ከሁሉም በላይ ሩቅ ወደቀ። ዳኛው ቀይ ባንዲራ አነሣ።

«ፋውል። አሎሎ አይወረወርም።»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። «ግድግዳው የታለ?» አለ አንዱ። «ጭድ ጨምርበት» አለ ሌላው። የሻው ወጥቶ ጀርባውን ለክብር እንግዶቹ ሰጥቶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሁለተኛውን ሲሞክር በሥርዓቱ ገፋው፤ ግን ልቡ አብሮት አልነበረም። አሥር ሜትር ከስድሳ። ሁለተኛ ሆነ። አንዲት ሙከራ ቀረችው።

ተመልሶ እዚያው ተቀመጠ። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ከጀርባው የሴት ድምፅ ሰማ።

«አንቱ፣ ጥላውን ትንሽ ወደኔ ያድርጉልኝ። ፊቴን ፈጀው።»

የሻው የትኛውን ቄስ ነው የምትል ብሎ ዞረ። ቄስ የለም። ወይዘሮ ማሚቴ ናቸው፤ ጥላውን ያዘነበሉላቸው ደግሞ ባላቸው አቶ ገብረ መድኅን።

የሻው የሰማው ነገር አንገቱን እንዳዞረ አደረቀው። ያን ቤት ሲሠራ አባትየው ለንግድ ባሕር ዳር ከርመው የመጡት ለምርቃቱ ነበር፤ ባልና ሚስቱ ሲነጋገሩ ሰምቶ አያውቅም። የገዛ አባቱ ደግሞ እሱ ሳይወለድ ነው የሞተ። እናቱ ባሏን ምን ብላ እንደምትጠራ ከማን ይስማ።

«ይታየው» አለ በቀስታ፤ «ባሏን ነው እንዴ አንቱ የምትል?»

«እና ማንን ትበል?» አለ ይታየው ውኃ እያቀበለው። «በእነሱ ዘር እኮ ሴት ካገባች ባሏን አንተ አትልም። ስሙንም አትጠራም፤ አንቱ ነው። ወንድሟን አንተ፣ የሥራ ባልደረባዋን አንተ፣ ከወጣት ወንድ ሁሉ አንቱ የሚባለው አንድ ባል ብቻ ነው። ጨዋነታችን ነው ብለው ይኮሩበታል። ምነው? ፊትህ አመድ መሰለ።»

በየሻው ጆሮ የሚሰማው ያ የጤና ጣቢያ ጠዋት ነው። እንደምን አደሩ። ይግቡ። አንቱን እኮ ነው የምል። ላግባሽ ብሎ ጠይቋት፣ በማግስቱ ያን ሁሉ ሰው ምስክር አድርጋ፣ ከእናቷ ቤት በተማረችው ቃል ባሌ ብላዋለች። እሱ ደግሞ መንገድ ለሽማግሌ ለቀቀ። ወር ሙሉ ባሌ ስትለው ከረመች፤ ወር ሙሉ ሰደበችኝ ሲል ከረመ።

ልቡ ውስጥ ቂም ይመስለው የነበረው ቦታ ሁሉ እሷ ነበረች።

«የስማዳው፣ ተራህ ነው» አለ ዳኛው።

ተነሣ። ወደ ክቡ ከመግባቱ በፊት በርዳታ ጠረጴዛው ፊት ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ከስታለች። ፋሻውን በጣቷ እየጠመዘዘች ታየዋለች፤ ዓይኗ ውስጥ ልመናም ቁጣም አለ።

«እንደምን ዋልሽ፣ ማንአለሽ» አላት። «መልስሽ ዛሬ ነው የደረሰኝ።»

ፋሻው ከእጇ ወደቀ። ገባት። ያን ያህል ጊዜ ያልገባው ምን እንደሆነ፣ አሁን የገባውም ምን እንደሆነ በአንድ ጊዜ ገባት። ከወንበሯ ተነሣች። ወንበሩ ኋላዋ ተገለበጠ። አባቷ ከጎን፣ እናቷ ከጎን፣ ሽማግሌ የሚልከው ሰው ከፊት፣ የሦስት ወረዳ ሕዝብ ዙሪያውን ቆሞ ሳለ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«አንቱ፣ አይዞዎት። ይበርቱ።»

ሌላው ሰው ነርሷ ትሑት ናት ብሎ አለፈው ይሆናል። የክብር እንግዶቹ ወንበር ላይ ግን ጥላው ከአቶ ገብረ መድኅን እጅ ሊወድቅ ደረሰ።

«ምን አልሽ፣ አንቺ ልጅ?» አሉ ወይዘሮ ማሚቴ።

«የሰሙትን ነው፣ እማዬ» አለች ማንአለሽ። ዓይኗን ከክቡ አላነሣችም።

ወይዘሮ ማሚቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እያለቀሱ ነው እየሳቁ፣ ማንም አላወቀ።

የሻው ክቡ ውስጥ ገባ። አሎሎውን አነሣው፤ እንደ ትኩስ ዳቦ ቀለለው። አንገቱ ሥር አስደገፈው፤ ብረቱ ጉንጩን አቀዘቀዘው። አሁን ሳቅም አይሰማ፣ ስድብም አይሰማ። ጀርባውን ለሜዳው ሰጠ፣ ጉልበቱን አጠፈ፣ ከተረከዙ ጀምሮ ተነሣ። እግሩ ለወገቡ፣ ወገቡ ለትከሻው፣ ትከሻው ለክንዱ ሰጠው፤ ክንዱ ደግሞ ለሰማይ። እንዳይወረውር አልተጠነቀቀም። ገፋው ብቻ።

አሎሎው የዳግምን ምልክት አልፎ አፈሩን ሰንጥቆ ተቀመጠ። የሻው ከክቡ አልወጣም፤ ጣቶቹ ኖራውን አልነኩም። ዳኛው ነጭ ባንዲራ አነሣ። ሜትሩ ተዘረጋ።

«አሥራ ሁለት ሜትር ከአምስት ሳንቲ ሜትር።»

ቀድሞ የሳቀው ሜዳ አሁን በእልልታ ተናወጠ። መሪ ስለ ነበር ተራው መጨረሻ የሆነው ዳግም ሞከረ፤ አልደረሰም። ላቡን እየጠረገ ወደ የሻው መጣ፤ እጁን ዘረጋለት።

«አሎሎውን በክንድህ ወሰድከው፤ ይሁን» አለው። «ሌላውን ግን በጆሮዬ ሰማሁ። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ አንቱ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሽማግሌዎቼ ነገ ቤታቸው ይዋሉ። ሰው ባለ ባል በር ላይ ሽማግሌ አይልክም።»

የሻው እጁን ጨበጠው። ደህና ሰው ሆኖ ማግኘቱ ትንሽ አናደደው፤ ሊጠላው ብዙ ተዘጋጅቶ ነበርና።

ከዚያ ድምፅ ማጉያው ተንጫጫ። «በአሎሎ ውርወራ፣ አንደኛ፣ ከስማዳ ወረዳ፣ የሻው ጓዴ።» ጓዴ የሚለው ስም፣ ልጁን ሳያይ የተቀበረው የገበሬው አባቱ ስም፣ ከሜዳው ተነሥቶ በባሕር ዛፉ ላይ አልፎ ሄደ። ከጠረጴዛው ጀርባ ማንአለሽ በሁለት እጇ ፊቷን ይዛ ትስቃለች፤ እንባዋም በጣቶቿ መሐል ይወርዳል።

አቶ ገብረ መድኅን ሜዳሊያውን ይዘው ቀረቡ። ለማጥለቅ ቀና ማለት ነበረባቸው፤ የሻው ይረዝማል። እጃቸው ሪባኑን ሁለት ጊዜ ሳተው። ፊታቸው ከፊቱ በተጠጋ ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«ልጄ አንቱ ያለችው ማንን ነው?»

የሻው አያቸው። ለእኚህ ሰው የሚሆን መልስ ከኅዳር እስከ ኅዳር፣ ከዚያም ወዲህ፣ ሲሞርድ ከርሟል። ስለት ያለው መልስ ነበር፤ ቤት ሙሉ ሰው የሚያስቅ። አሁን ምላሱ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆሟል። ነገር ግን በአቶ ገብረ መድኅን ዓይን ውስጥ ያየው ጥያቄ አልነበረም። የሚያውቁትን ነገር ሌላ ሰው እንዲያስተባብልላቸው የሚለምን ሰው ነው ያየ። ይህን ያህል ጊዜ ሲፈራው የኖረው ሰው ይኸው ነው እንዴ፤ ይህን ያህል ትንሽ።

«አልሰማኸኝም? ማንን ነው?» አሉ ደግመው።

የሻው ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ አስተካከለ። ዞረ። ወደ ርዳታ ጠረጴዛው፣ ወደዚያች የተገለበጠች ወንበር፣ ሳይቸኩል ተራመደ፤ መልሱንም ለማንም አልሰጠም።